ለልጆች መጻፍ ያላሳፈራቸው ምሁራን

ለዶክትሬት ጥናት ባሕር ማዶ በነበርንበት ጊዜ፣ በአማካሪያችን ቢሮ ከኳንተም መካኒክስ ጥራዞች መካከል ሥዕል ያለበት አንድ ያረጀ የልጆች መጽሐፍ ተሰክቶ እናይ ነበር። መጀመሪያ የልጃቸው መስሎን ነበር። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው እየደጋገሙ የሚያነቡት መሆኑን ስንረዳ ግን በሆዳችን መሳቃችንን አንክድም። መጽሐፉ ሉዊስ ካሮል በ1865 ያሳተመው የአሊስ ታሪክ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ መጽሐፉ ከእኛም መደርደሪያ ላይ አለ። ለምን እንዳለ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት እንወዳለን።

ካሮል የብዕር ስም ነው። ባለቤቱ ቻርልስ ዶጅሰን የሚባል፣ በኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ከ1855 እስከ 1881 ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1862 የኮሌጁን ኃላፊ ሦስት ሴቶች ልጆች በጀልባ እያንሸራሸረ ሳለ ተረት አውራን አሉት፤ አወራላቸው። ከመካከላቸው አሊስ የተባለችው የአሥር ዓመቷ ልጅ ጻፍልኝ ብላ ስለ ወተወተችው ጻፈላት። ንግሥት ቪክቶሪያ በመጽሐፉ ተደስታ ቀጣዩን ላክልኝ ብትለው የሒሳብ መጽሐፍ ላከላት የሚባል ጨዋታ አለ። ሰውየው ራሱ በጽሑፍ ያስተባበለው ሐሰት ነው፤ ያም ሆኖ መምህራን ዛሬም ያወሩታል።

አሊስ ጥንቸሉን ተከትላ ከጉድጓድ ትገባና ቁልቁል መውደቅ ትጀምራለች። የጉድጓዱ ግድግዳ በቁም ሣጥንና በመደርደሪያ የተሞላ ነው። ስታልፍ የማርማላታ ጠርሙስ ታነሣለች፤ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች። ብትለቀው ከታች ያለ ሰው ይገድልብኛል ብላ ስለ ፈራች፣ እየወደቀች ሳለ ከሌላ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሌላው አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ብሎ ያልፋል። የፊዚክስ ተማሪ ግን ማለፍ የለበትም። አሊስ በነፃ የምትወድቅ ከሆነና የአየሩን ግጭት ለጊዜው ብንተወው፣ የለቀቀችው ጠርሙስ አይቀድማትም፤ ከእጅዋ አጠገብ የተንሳፈፈ መስሎ አብሯት ይወርዳል። ደራሲው ደግሞ ወይ ጉድጓዱ እጅግ ጥልቅ ነው፣ ወይም እሷ የምትወድቀው እጅግ በዝግታ ነው ብሎ ሁለቱንም አማራጭ ክፍት ይተወዋል። በዝግታ የምትወርደው አንዳች ነገር ደግፏት ከሆነ ጠርሙሱ ጥሏት ይሄዳል። እንግዲህ ሁለቱን ግምቶች ለመለየት የሚያስፈልገው የሙከራ መሣሪያ በእጅዋ ነበር ማለት ነው። ከቁም ሣጥን ያስገባችው እሱኑ ነው!

ይህን ሁሉ ደራሲው አስቦበታል ወይስ እኛ ነን የምናስብለት የሚል ሊኖር ይችላል። ዶጅሰን በ1889 ባሳተመው «ሲልቪና ብሩኖ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ፣ ሰዎች ሻይ እየጠጡ ሳለ ቤቱ ከነሰዎቹ ወደ አንድ ፕላኔት ቢወድቅ ምን ይሆናል የሚል ጨዋታ አለ። ከውድቀቱም በላይ ቤቱን ከታች በገመድ ቢስቡት ዕቃውም ሰዉም ከቤቱ ወደ ኋላ እንደሚቀር ገጸ ባሕርያቱ በትክክል ይናገራሉ። በ1893 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ደግሞ በቀጥተኛ ዋሻ ውስጥ በመሬት ስበት ብቻ የሚሄድ ባቡር እናገኛለን። ተማሪዎቻችን ቢያሰሉት፣ የምድር እፍጋት በሁሉም ቦታ አንድ ነው ብለን ግጭትን ከተውን፣ ዋሻው አጭርም ይሁን ረጅም ጉዞው 42 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ ይደርሱበታል። አንስታይን በነፃ የሚወድቅ ሰው የራሱ ክብደት አይሰማውም ወደሚለው ሐሳብ የደረሰው በ1907 ነው። ካሮልን አንብቦ ነበር ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ያው ጥያቄ 18 ዓመት ቀድሞ ለልጆች በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ መቅረቡን ማስተዋል ይገባል።

የቻርልስ ኪንግስሊ ነገር ሌላ ነው። ቄስና በካምብሪጅ የታሪክ ፕሮፌሰር ነበር፤ የዳርዊንን መጽሐፍ ገና እንደ ወጣ በደስታ ከተቀበሉት ጥቂት ካህናት አንዱ ነው። በ1863 ባሳተመው «የውኃ ሕፃናት» ውስጥ ቶም የተባለ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጅ ወንዝ ውስጥ ገብቶ የውኃ ፍጡር ይሆናል። በዚያ ዘመን ሪቻርድ ኦወንና ቶማስ ሀክስሊ በሰውና በዝንጀሮ አንጎል ላይ ያደርጉት የነበረው ክርክር በመጽሐፉ ውስጥ መሳቂያ ሆኗል። አላየሁም ማለትና የለም ማለት አንድ አለመሆናቸውን ደራሲው ለሕፃን በሚገባ ቋንቋ ይከራከራል። ከዓመታት በኋላ፣ በ1892፣ የሀክስሊ የልጅ ልጅ ጁሊያን የውኃ ሕፃን አይተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ለአያቱ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ በአውሮፓ ስመ ጥሩ የሆነው ሊቅ ቁጭ ብሎ በቁም ነገር መልሶለታል። ያ ልጅ ኋላ የታወቀ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሆኗል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ስብከት ይበዛበታል፤ አየርላንዳውያንን የሚሰድብበት ቦታም አለ፤ ያን ለልጅ አናስነብብም። የቶም ብጤዎች ደግሞ ሊያነቡት አልቻሉም። ልጆችን ጭስ ማውጫ ውስጥ ማስገባትን የሚከለክል ሕግ በ1864 ቢወጣም የሚያስፈጽመው ጠፍቶ እስከ 1875 ድረስ ዘልቋል።

ማንበብ የቻለ አንድ የድኻ ልጅ ግን እናውቃለን። ጄን ማርሴት የተባለች ሴት በ1806 ስለ ኬሚስትሪ በአንዲት መምህርትና በሁለት ልጃገረዶች ጭውውት መልክ የተዘጋጀ መጽሐፍ ስሟን ሳትገልጽ አሳተመች። በለንደን የአንድ ብረት ሠሪ ልጅ፣ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ሲለማመድ መጽሐፉ እጁ ገባ። ልጁ ማይክል ፋራደይ ነው። ትምህርት ቤት ብዙም ያልቆየ፣ ከፍተኛ ሒሳብ የማያውቅ፣ የኤሌክትሮማግኔት ኢንዳክሽንን ግን በ1831 ያገኘው እሱ ነው። ለማርሴት ባለ ዕዳ መሆኑን እስከ እርጅናው አልደበቀም። ዕዳውንም የከፈለው በልጆች በኩል ይመስለናል። በሮያል ኢንስቲትዩሽን የገና ሰሞን ለወጣቶች የሚሰጠውን ተከታታይ ትምህርት 19 ጊዜ አቅርቧል፤ ስለ አንዲት ሻማ የተናገረውም በ1861 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ሻማዋን ይዞ ስለ ቃጠሎ፣ ስለ ውኃ አፈጣጠርና በመጨረሻም ስለ ሰው ትንፋሽ ያስተምራል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። ማርሴት የጻፈችው ፋራደይ በአፉ በሚናገረው ቋንቋ ነው፤ ኒውተን ግን በ1687 ዋና ሥራውን ያሳተመው በላቲን ነበር። በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ ጋራዥ ሥራ የሚለማመድ ልጅ ስለ ኤሌክትሪክ ማወቅ ቢሻ፣ በአማርኛ ምን እንሰጠዋለን? የሥራ ባልደረቦቻችን ቃል የለንም ይላሉ። እኛ በበኩላችን ምክንያቱ ቃል ነው ብለን አናምንም። ለልጅ መጻፍ ያሳንሰናል ብለን ስለምናስብ ነው። መምህር ለማዕረግ ዕድገት ሲያመለክት ለልጆች የጻፈው መጽሐፍ ሲቆጠርለት እስካሁን አላየንም።

የማርማላታውን ጥያቄ በአንድ ወቅት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አቅርበን ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ደስ አለን። «መምህር፣ ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?» የሚል ነበር። ልጁን አንወቅስም፤ የምንጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቀን። አሊስም በቃሏ ያጠናችውን የግብረ ገብ ግጥም ልትደግም ስትሞክር ሌላ ነገር እየወጣባት ትቸገራለች፤ ካሮል የሳቀው በልጅቷ ሳይሆን በአስጠኚዎቿ ነው።

ባለፈው ክረምት ይህንኑ ስንናገር የሰማች የአሥር ዓመት የእኅታችን ልጅ «ጋሼ፣ ታዲያ ራስዎ ለምን አይጽፉልኝም?» አለችን። በፋራደይ ሻማ ፈንታ ከቤታችን የማይጠፋውን ጧፍ መረጥን። አራት ገጽ ጽፈን ሰጠናት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «ኦክሳይድ መሆን» ከሚለው ዘንድ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀመጠችና «ጧፉ ሲያልቅ የት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀች። ከአራቱ ገጽ ይህን የሚመልስ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣን። ወረቀቱን ቀደን ከእሷ ጥያቄ ጀምረናል፤ አሁን ሦስተኛው ገጽ ላይ ነን።