ሩጫው የኛ ነው፤ ብርጭቆው የኛ አይደለም



ባለፈው የዐረፋ በዓል፣ አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ የመራዊ ልጅ ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ከዐስር ሶላት በኋላ አጠገባችን ቁጭ አለ። "ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?" አለን። የሥራ ባልደረቦቹ ቅዳሜ ከሰዓት ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚሮጥ ቡድን ወስደውታል። ጫካ ለጫካ፣ ዳገት ቁልቁለቱን ይሮጣሉ። ሲጨርሱ ክብ ሠርተው እየዘፈኑ ቢራ ይጠጣሉ። እሱ አምቦ ውሃውን ይዞ መሐላቸው ይቆማል። "ሩጫውን ወድጄዋለሁ። ልቀጥል ወይስ ልተው?" ነበር ጥያቄው።

እኛም ብዙ ሳናስብ "ተው!" አልነው። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ኢማማችን ይሰሙ ኖሮ፣ "ቢራውን ከለከላችሁት፣ ደግ። በሩጫው ፈንታስ ምን ሰጣችሁት?" አሉን። መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያንን መልስ ፍለጋ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ይህ ዓይነቱ ሩጫ "ሀሽ" ይባላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 በኳላ ላምፑር፣ የዛሬዋ ማሌዥያ በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች ነው። ጀማሪዎቹ አልበርት ጊስፐርት የሚባል የሒሳብ ባለሙያና ጓደኞቹ ናቸው። አንድ ሁለት ሰዎች "ጥንቸል" ተብለው ቀድመው ይወጡና መንገዱን በዱቄት፣ በጠመኔ ወይም በወረቀት ቁራጭ ምልክት ያደርጉበታል። የቀረው ሰው አሳዳጅ ሆኖ ምልክቱን እየፈለገ ይከተላል። አንዳንዱ ምልክት ሆን ተብሎ የሚያሳስት ስለሆነ ፈጣኑ ተሳስቶ እስኪመለስ ቀርፋፋው ይደርስበታል። ውድድር አይደለም፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም አብረው ይገባሉ። ዛሬ በብዙ አገሮች እንዲህ ያሉ ቡድኖች አሉ፤ በአዲስ አበባም አለ።

ቢራው ግን በኋላ የተጨመረ አይደለም። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲመዘገብ ከዓላማዎቹ ውስጥ አካልን ማጠንከር አንዱ ነበር፤ ተጠምቶ ጥማቱን በቢራ ማርካትም ሌላው። በክቡ ውስጥ ያጠፋ ሰው "ቅጣቱ" ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ነው። በብዙ ቡድኖች የማይጠጣ ሰው ውሃ ወይም ለስላሳ ቢይዝ አይከለከልም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሩጫ ከሌላ የመጣብን ነገር አይደለም። ነብያችን (ሰለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም) በጉዞ ላይ ሳሉ ከእናታችን ዓኢሻ (ረዲየሏሁ ዐንሃ) ጋር እንደተሽቀዳደሙ፣ መጀመሪያ እሷ እንደቀደመች፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ እሳቸው እንደቀደሙ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ በእግሩ ሮጦ ዘራፊ ፈረሰኞችን ያሳደደ፣ የተዘረፉትን ግመሎች ያስመለሰ ሶሓባ ነው። ከዚያው ዘመቻ ሲመለሱ፣ በሩጫ የሚቀድመኝ የለም የሚል አንድ የአንሷር ሰው ቢገጥመው ነብዩን አስፈቅዶ እስከ መዲና ተሽቀዳድሞ ቀድሞታል። ይህ በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ነው። ከአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ ምሩፅ ይፍጠር የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ሲወስድ መሐመድ ከድር ነሐሱን አምጥቷል። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰንም እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ማራቶኑን አሸንፋ ሜዳሊያዋን የተቀበለችው ሒጃብ ለብሳ ነው።

መጠጡ ላይ ግን ድርድር የለም። ኸምር ሐራም ነው፤ ኸምር በሚዞርበት ማዕድ መቀመጥም ተከልክለናል። ስለዚህ አምቦ ውሃ ይዞ ክቡ ውስጥ መቆም መፍትሔ አይሆንም።

"ይህን ማለት ያሳፍራል፣ ከሰው ያቆራርጣል" የሚል ወንድም ካለ የጎጃምን ወግ ያስታውስ። ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ለኛ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ቦታችንን ለብቻ ያሰናዳል፤ በጠላው ፈንታ ብርዝ ወይም ለስላሳ ያቀርብልናል። ይህን ሲያደርግ አይቀየመንም፣ እኛም አንሸማቀቅም። አባቶቻችን ሃይማኖታቸውን ሳይደብቁ፣ ጉርብትናቸውንም ሳይቆርጡ የኖሩት በዚህ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጅም ለባልደረቦቹ "እኔ እስከ ክቡ ድረስ ነኝ" ቢላቸው የሚከፉ አይመስለንም።

ይልቅ የሚያስጨንቀን ሌላ ነው። ቢራ አለመጠጣታችንን እንደ ትልቅ ነገር እንቆጥራለን። ግን ልጆቻችን ከዙህር በኋላ የት ናቸው? ስንቱ በር ዘግቶ፣ ጭስ ታፍኖ፣ ጫት ይዞ እስከ መግሪብ ተቀምጧል? ስንቱስ ዐስርን እያየ ያሳልፋታል? ከቢራው ክብ አውጥተን ወደ ጫት ክብ ከሰደድነው አዳንነው አይባልም። ወጣት መገናኛ ይፈልጋል፤ መሳቅ፣ መድከም፣ ከእኩዮቹ ጋር መሆን ይፈልጋል። እኛ ግን ለዓመታት የሰጠነው "ተው" የሚል ቃል ብቻ ነው። ይህ የኛ የመስጂድ ሰዎች ጥፋት ነው፤ ከራሳችን ጀምረን እንናገረዋለን።

ለልጁ ደወልንለት። "ዐውራህን ሸፍን፣ ሶላትህን በወቅቱ ስገድ፣ ሩጥ፤ ክቡ ሲጀመር ተሰናብተህ ሂድ" አልነው። እኛ ግን ሙፍቲ አይደለንም፤ በአቅራቢያው ያሉ ዑለሞችንም እንዲጠይቅ ነገርነው። እሱም "ኡስታዝ፣ እዚያ መራዊስ የሚሮጥ አለ?" አለን።

ስለዚህ ለመራዊ፣ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ጀማዓዎች ያለን ሐሳብ ይህ ነው። ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንሩጥ። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ያየውን ሁላችንም እናውቃለን። ጎረምሶች ተሰብስበው ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ሲሮጡ የሚያይ ሰው ስፖርት ነው ብሎ ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ለሚመለከተው አሳውቀን፣ ቤተሰብ አስፈቅደን፣ ጎህ ሲቀድ ከኳስ ሜዳ እንጀምር። ሰላም ሲሆን፣ ኢንሻአሏህ፣ የቆጋን የመስኖ ቦይ ይዘን እንሮጣለን፤ የገበሬውን ስንዴ ሳንረግጥ። ለመንገዱ ምልክት አመድ ይበቃል። እህል የሚበላ እንጂ የሚረገጥ አይደለም፣ ብክነትም በዲናችን የተጠላ ነው። እህቶችም የራሳቸው ጊዜና ቦታ ይኑራቸው። በመጨረሻ ቴምርና ሻይ እናቅርብ፤ ጫት ግን ወደዚያ ክብ አይግባ። ክርስቲያን ጎረቤት ልሩጥ ካለ እሰየው፣ ሻዩ ለሁላችን ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎች የሻዩን ወጪ ቻሉልን። አባቶች ልጆቻችሁን ላኩ፤ ከቻላችሁም ራሳችሁ ኑ። እኛ ፊት ቀድመን አንሮጥ ይሆናል፤ ከኋላ ግን እናዘግማለን።

አላህ ወጣቶቻችንን ከሚያሰክርም ከሚያፈዝም ይጠብቅልን፤ ለአካባቢያችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን። ሐሳባችሁን ጻፉልን፣ ለሌሎችም አድርሱ።

ወሏሁ አዕለም።