ፎቶውን ከመላክሽ በፊት እጅጌውን እዪ

እህቶቼ፣ ይሄ በስልካችን የሚዞረው የድሮ የጦርነት ፎቶ ነገር ይብቃን። አንዷ «ጀግኖች አርበኞቻችን» ብላ ትልካለች። ሌላዋ «ባንዶች ናቸው፣ የእነ እገሊት አያቶች» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ እዚህ ቤይሩት አንድ ክፍል ተከራይተው በእሑድ እረፍታቸው አብረው ቡና የሚጠጡ ልጆች ይኮራረፋሉ። በፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ምን እንደለበሰ ግን አንዳቸውም አላዩም።

«የቤት ሠራተኛ ስለ ወታደር ልብስ ምን ታውቃለች» የሚሉ አሉ። ታዲያ ከእኛ በላይ ማን ይወቅ? አንገትጌና እጅጌ ስናገላብጥ፣ ስንተኩስ የምንውለው እኛ አይደለንም እንዴ? የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ የሚሰፋው በለባሹ ቀኝ በኩል ነው። በፎቶው ላይ የሁሉም ቁልፍ በግራቸው ከሆነ ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል። ያኔ የመኪናው ታርጋም ወደ ኋላ ይነበባል።

በጣም የሚያጣላን የጣልያን ጊዜው ነው። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ሲገባ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሊቢያ የመለመላቸው ወታደሮች አብረውት ነበሩ። አስካሪ ይባላሉ፤ እዚህ በየመንገዱ የምንሰማው «ዐስከሪ» ነው፣ ወታደር ማለት። የኤርትራውን አስካሪ ለመለየት ቆቡን እዪ፤ ዘርፍ ያለው ረጅም ጣርቡሽ ነው። ወገቡ ላይ ሰፊ ድግ አለ። ማዕረግ ካለው ክንዱ ላይ እንደ ላቲኑ ቪ የታጠፈ ምልክት አለ፤ ሹምባሽ፣ ቡሉክባሽ የሚባሉት በዚያ ይለያሉ። የድጉና የዘርፉ ቀለም ሻለቃውን ይለያል፣ ግን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም የት ይታያል? አሁን ደግሞ በኮምፒውተር ቀለም ቀብተው ይልኩልናል። እሱ የቀቢው ግምት ነው።

«ባዶ እግሩን ስለሆነ የኛ ነው» የሚባለውም አይሠራም። አስካሪውም የንጉሡም ወታደር በባዶ እግሩ ዘምቷል። ካኪም እንደዚያው ነው፤ ቤልጂጎች ያሠለጠኑት ክብር ዘበኛ ካኪ ለብሶ ነበር። የቡሽ ባርኔጣ እንግሊዝም ጣልያንም አድርገውታል፣ የጣልያኑ ግን ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ክብ የባንዲራ ምልክት አለው። መኪና ካለ ታርጋውን አስፍታችሁ እዩ። አር እና ኢ የሚሉ የላቲን ፊደሎች ካሉበት ሬጂዮ ኤሴርቺቶ ነው፣ የጣልያን ንጉሥ ጦር።

የኦጋዴኑ የ1969 እና 70 ጦርነት ፎቶም አለ። «ታንኩ የሩሲያ ነው፣ ስለዚህ የሶማሌ ነው» ይላሉ። ሩሲያ መጀመሪያ ሶማሊያን አስታጠቀች፣ ኋላ ዞራ ኢትዮጵያን አስታጠቀች። አንድ ዓይነት ታንክ በሁለቱም ወገን ነበር። ታንኩ ላይ የተቀባው ምልክት ካልታየ መልሱ «አይታወቅም» ነው፣ አለቀ።

አሁን «ባንዳን ልታጥብ ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን የረሳሁ መሰላችሁ? አስካሪውን አርበኛ ብላ የምትልከው ናት የምታጥበው፤ ጫካ ገብቶ የሞተውን ሰው ቦታ ለሌላ ሰጠችው እኮ። በሌላ በኩል ደግሞ አርበኛውም ከጣልያን የማረከውን ልብስና ጠመንጃ ይዞ ተዋግቷል። ጣልያንን ከድተው ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ኤርትራውያን አስካሪዎችም ነበሩ። ጣርቡሹ የሚነግረን ሰውዬው ያን ቀን በማን ደሞዝ እንደነበረ ነው፣ በማግስቱ የት እንደሄደ አይነግረንም። ማዳም በገዛችልን ዩኒፎርም በር ስንከፍት እንግዳው ስለ እኛ ምን አወቀ?

እና አብራሽ የምትተኛውን ልጅ፣ ኤርትራዊት ትሁን ትግራዋይ፣ በአንድ ፎቶ «የባንዳ ልጅ» ስትያት ምን ይዘሽ ነው? ቃሉ ራሱ የጣልያን ነው፤ ከመደበኛው ጦር ውጭ ያሰለፉትን የአገር ሰው ጭፍራ ባንዳ ይሉት ነበር። የስልሳ ዶላር ችግር ሲመጣ የምታበድርሽ ግን እሷ ናት።

ፎቶ ሲላክልሽ መልሰሽ ጠይቂ፤ የት ተነሳ? ሙሉው የታለ፣ ለምን ጠርዙ ተቆረጠ? ከጀርባው ምን ተጽፏል? ካልመለሰች አትላኪው። እኔ መልስ ሳላገኝ ለማንም አላስተላልፍም፤ የላካችሁልኝም አትቀየሙኝ።