ቀይ ቀለም ዩራኒየም አይደለም

በሴንት ጄምስ ታውን ከተደረደሩት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ቡና በተፈላበት ቤት፣ አንድ ወዳጄ የአገራችንን የጨረር ካርታ አትሞ አምጥቶ ዘረጋው። የደቡቡ ግራናይት በቀይ ቀለም ደምቋል። «ይኸው ዩራኒየማችን!» አለና ማን እንደደበቀብን ይዘረዝር ጀመር። በዚያ ምሽት ዝም ማለቴ ስለቆጨኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ባለሥልጣንን ለመክሰስ እንዲህ ያለ ወሬ አያስፈልገንም፤ እውነቱ በቂ ነው። አውሮፕላን ላይ የተጫነ የጋማ ጨረር መለኪያ የሚያነበው ከመሬቱ ገጽ 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር ያህሉን ብቻ ነው። ያውም ዩራኒየሙን ራሱን አይደለም፤ ዩራኒየም ደረጃ በደረጃ ሲፈርስ የሚወለደውን ቢስሙዝ 214ን እንጂ። በመካከሉ ራዶን የተባለው ጋዝ ካመለጠ፣ ወይም ውኃ ዩራኒየሙን አጥቦ ራዲየሙን ከተወ፣ ካርታው ያሳስታል። ግራናይት እኮ በተፈጥሮው ከሚሊዮን 4 እጅ ያህል ዩራኒየም አለው፤ ከጎረቤቱ ድንጋይ ቢደምቅ ምን ይደንቃል? ዩራኒየሙ ከቶሪየሙ አንጻር መብለጡን ማየት፣ በእግር እየዞሩ መለካት፣ መሰርሰር፣ ናሙናውን በቤተ ሙከራ መፈተሽ ገና ይቀራል።

ከግራናይት ምንም አይገኝም ማለቴ አይደለም። በምንኖርባት ኦንታሪዮ፣ ባንክሮፍት አካባቢ፣ የግራናይት ዘመድ ከሆነው ፔግማታይት ዩራኒየም ወጥቷል፤ የመጨረሻው ማውጫ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ነገር ግን በዚሁ ክፍለ ሀገር፣ ሻርቦት ሌክ አጠገብ፣ በ2007 የአልጎንኩዊን ተወላጆች ሳንጠየቅ ምድራችን አይቆፈርም ብለው የዩራኒየም ፍለጋውን መግቢያ ዘጉ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ሮበርት ላቭሌስ በ2008 ፍርድ ቤት ደፍረሃል ተብሎ የስድስት ወር እስራት ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈታው። እዚህ ስንኖር ይህን ሰምተን፣ ስለ ጉጂ ስናወራ ግን ሰው የሌለበት ምድር እናስመስለዋለን።

ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ ላይ ታንታለም ወጥቷል፤ እርሱም ከፔግማታይት ነው። ከማዕድኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣው ዩራኒየምና ቶሪየም እዚያ ሲሳይ ሳይሆን ማጓጓዙን የሚያከብድ ጣጣ ነው። ስለ አቧራው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ክምር ገለባው የማይጠይቅ አርበኛ፣ አርበኝነቱ ለማን ነው?

ወዳጄ ሆይ፣ በሚቀጥለው ቡና ላይ የቶሪየሙንም ካርታ ይዘህ ና። ቀዩ ላይ ከብት የሚያሰማሩትንም ሰዎች ስም።