ልጁን አውርዱት!

ባለፈው ቅዳሜ አላሜዳ ባለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ ጉድ ፈላ። ልጄ አሥር ወር ሞላው፤ እስካሁን ግን አልዳኸም። የጎረቤት ልጅ በሰባት ወሩ ቤት ሲያተራምስ የእኛው ምን ነካው ብዬ እኔ ስጨነቅ፣ ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ በነጠላ አዝላው እሹሩሩ ትላለች።

«እማዬ፣ እስቲ አውርጂውና ይዳኽ» ብላት፣ «ልጅ ብርድ ወለል ላይ ይጣላል? አንተንስ ያሳደግሁህ በዚሁ ጀርባ አይደለም?» አለችኝ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸው ነው!

ነገሩን ሳጣራ እናቴ አልተሳሳተችም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናት ላይ አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳወጣው፣ ከመቶ 4 ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድኹ ነው የሚሄዱት። ልጁ በዓመቱ ከቦታው መነቃነቅ ካቃተው ወይም አንድ ጎኑን ብቻ የሚጎትት ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

ታዲያ መዳኽ ምን ይጠቅማል? እዚሁ ጎረቤታችን በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጆሴፍ ካምፖስና ባልደረቦቻቸው በ1992 እንዳሳዩት፣ ሕፃን ገደል መፍራትን የሚማረው ዕድሜው ስለደረሰ ብቻ ሳይሆን ራሱ ወዲያ ወዲህ ማለት ሲለምድ ነው።

እኚሁ ሰው የተሳተፉበት የ1985 ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። የዓመት ሕፃናት በመስታወት የተሸፈነ የገደል አምሳያ ጫፍ ላይ ደርሰው፣ ማዶ የቆመችውን እናታቸውን ቀና ብለው ያያሉ። እናት በደስታ ስታያቸው ከ19ኙ 14ቱ ተሻገሩ። እናት ፊቷን በፍርሃት ስትለውጥ ግን ከ17ቱ አንድም የተሻገረ የለም!

አንባቢ ሆይ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። እኛ ስደተኞች ስለ ኪራይ፣ ስለ ወረቀት፣ በሌሊት ከአገር ቤት ስለሚደወል ስልክ ስንጨነቅ ፊታችን ምን ይመስል ይሆን? ልጆቻችን የሚሻገሩትም የሚቀሩትም ያንን ፊት አይተው ነው።

ይህን ለእናቴ ባጫውታት ምንም ሳትል ነጠላዋን ፈታች፤ ጋቢዋን ምንጣፉ ላይ አነጠፈችና ልጁን በሆዱ አስተኛችው። ጥቂት አለቀሰ። ቀጥሎ በክርኑ ተሳበና ቀና ብሎ አየኝ። የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ በእጄ ነበር፤ ከጀርባዬ ደብቄ ሳቅሁለት።

አንድ ክንድ ያህል መጣ።

ሳምንት በቸር ያገናኘን።