ርካሹ ድራማ

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ይዞ ብቅ ሲል የተነሳው ቁጣ በአብዛኛው የግብረ ገብ ቁጣ ነበር። ልጆች ተበላሹ፣ ትዳር ተናጋ፣ ባህል ተበረዘ ተባለ። ዛሬም የውጭ ሚዲያ ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ከዚያ ፈቀቅ አይልም። እኔ ግን ዒላማውን የሳተ ክርክር ነው እላለሁ። ክህደትና ውሽምነት በአገር ቤት ድራማም ሞልቷል፤ ተመልካቹም ያየውን ሁሉ የሚቀዳ ሕፃን አይደለም። መመርመር ያለበት የድራማው ዋጋ ነው።

የቱርክ ድራማ በመጀመሪያ የሚሠራው ለራሱ ትልቅ ገበያ ነው። ወጪውን በአገሩ ማስታወቂያ ከሸፈነ ወዲያ ከውጭ የሚያገኘው ትርፍ ስለሆነ ለደሃ አገር በርካሽ ቢሸጥ አይከስርም። እዚህ የሚወጣው የፈቃድ ክፍያና የድምፅ ቀረጻ ወጪ ነው። የእኛ ፕሮዲዩሰር ግን ለደራሲ፣ ለተዋናይ፣ ለካሜራ፣ ለመብራት፣ ለቀረጻ ቤት ኪራይ ሁሉንም ከፍሎ ከአንድ ጠባብ ገበያ፣ ያውም ስፖንሰር እየለመነ መመለስ አለበት። ሁለቱ በእኩል ሜዳ የሚወዳደሩ አይደሉም።

ለድምፅ ተዋንያን ሥራ ተከፍቷል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ድካማቸውም ይከበራል። ሆኖም አማርኛው የሚለካው በባዕድ ከንፈር ነው። ቱርካዊቷ በወገበ ቀጭን ብርጭቆ ሻይ አቅርባ አፏን ስትገጥም የእኛም ዐረፍተ ነገር እዚያው ማለቅ አለበት። በዚህ መንገድ ታሪክ ፈጣሪ ደራሲ አይወጣም። ተመልካቹ ራሱ መርጧል የሚሉም አሉ። ይኸው ተመልካች «ሰው ለሰው»ን በኢቲቪ፣ «እረኛዬ»ን በአርትስ ቲቪ በጉጉት ተከታትሏል። የራሱን አልጠላም፤ የሚቀርብለት ግን ጥቂት ነው።

ለውጭ ሚዲያ ከሚቀርበው ሁሉ የሚከብደው መከራከሪያ የስፖርት ቻናሉ የሱፐርስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተፈረመ ውል የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን በጥሩ ካሜራ አሳይቶናል፣ ለክለቦችም ገንዘብ አምጥቷል። ይህን መካድ አይቻልም። ግን የባለቤቱ ኩባንያ መልቲቾይስ እ.ኤ.አ. በ2025 በፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ ሲጠቀለል ውሳኔው የተላለፈው ከእኛ እጅ ውጭ ነው። በሩ ይዘጋ አልልም፤ የሚገባው ግን ግዴታ ይዞ ይግባ። ደቡብ ኮሪያ ሲኒማ ቤቶቿን በዓመት እስከ 146 ቀን የአገር ፊልም እንዲያሳዩ ታስገድድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሜሪካ ጋር ለንግድ ድርድር ስትል ወደ 73 ብትቀንሰውም ግዴታውን አልሰረዘችም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው፣ ኢትዮጵያም ያጸደቀችው የባህል ብዝኃነት ስምምነት ለእንዲህ ያለው እርምጃ መብት ይሰጣል። ከውጭ ቻናሎች የደንበኝነትና የማስታወቂያ ገቢ የተወሰነ ድርሻ ለአገር ውስጥ ድራማ ፈንድ ይዋል። መንግሥት ፈንዱን የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ያደርገዋል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ስክሪፕት የሚመርጡት ባለሙያዎች ይሁኑ፣ ማን ስንት እንደተከፈለም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ።