«ሲስተም የለም» ያሰኘው ማነው?

በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የተሰለፈው ሕዝብ «ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለሱ» ይባላል። ለምን? መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ አያውቅም፤ አለቃውም አያውቅም። ባለሙያው ተጠርቶ ሲመጣ ከመዝገቡ የሚያገኘው «ግንኙነት አልተሳካም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ይኸ ዐረፍተ ነገር ከሰማይ አልወረደም። ከእንዲህ ያለ ግቢ ተመርቆ የወጣ ፕሮግራመር የጻፈው ነው።

ወንድሞችና እኅቶች! ይኸ ማለት ሐኪም በካርዱ ላይ «በሽተኛው ታሟል» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። በሊኑክስ ላይ የስሕተት ቁጥሩ 111 ከሆነ ደጁ ድረስ ተደርሶ «አልቀበልም» ተብሏል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ፖርት የሚያዳምጠው ፕሮግራም አልተነሣም ማለት ነው። ቁጥሩ 110 ከሆነ ግን የሚመልስ ጠፍቶ ጊዜው አልቋል፤ ፋየርዎል ውጦት ይሆናል፣ ወይም መሥመሩ ተቆርጧል። የመጀመሪያው ፕሮግራሙን በማስነሣት ሊድን ይችላል፤ ሁለተኛው የኔትወርክ ሰው ያስጠራል። መዝገቡ ሁለቱን ባንድ ጉድጓድ ሲቀብራቸው ጥፋቱ ሁሉ በ«ኔትወርክ» ይላከካል፤ ሰልፈኛውም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መሣሪያዎቹም ቢሆኑ ንጹሓን አይደሉም። በኖድ ጄኤስ «ፌች» የተባለው ትእዛዝ ግንኙነት ሲያጣ «ፌች ፌይልድ» ይልና እውነተኛውን ምክንያት «ኮዝ» በተባለ ኪስ ውስጥ ይሸሽገዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከ20ኛው እትም ወዲህ ደግሞ፣ አንድ ስም ሁለት አድራሻ ኖሮት ሁለቱም እምቢ ሲሉ፣ ስሕተቶቹ በጥቅል ታስረው የጥቅሉ መልእክት ባዶ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። መልእክቱን ብቻ የሚመዘግብ ፕሮግራም እንግዲህ ባዶ መሥመር ይጽፋል! ኪሱን የሚፈትሽ ተማሪ ስንቱ ነው?

«ዝርዝር ከበዛ ዲስኩ ይሞላል» የሚሉ አሉ። ዲስኩን የሚሞላውስ ያው ባዶ ዐረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ ሲደገም አይደለምን? የመጀመሪያውን በሙሉ ጽፎ ተከታዮቹን መቁጠር ማንን ገደለ?

መምህራኖቻችንም ከነገሩ አያመልጡም። የመመረቂያ ሥራ ሲገመገም የገጹ ውበት ይታያል፤ ዳታቤዙ ሲቋረጥ መዝገቡ ምን እንደሚል ግን የሚጠይቅ እምብዛም ነው። እንግዲያውስ በግምገማው ቀን ገመዱ ይነቀል! ሰዓቱ፣ የተፈለገው አድራሻና ፖርት፣ በስም ፍለጋ ወይስ በግንኙነት ወይስ በቲኤልኤስ እንደ ወደቀ፣ የስሕተቱ ቁጥር፣ ስንት ሚሊሰከንድ እንደ ተጠበቀና ስንተኛው ሙከራ እንደ ነበር ከመዝገቡ ካልተገኘ ማርኩ ይቀነስ። የይለፍ ቃል ተጽፎ ከተገኘማ እጥፍ ይቀነስ።