መንገድ ላይ የሚጠፋው የልብ ምት

በጣና ሐይቅ ላይ ካለው ደቅ ደሴት በጀልባ ተሳፍሮ ባሕር ዳር የሚደርስ ሕመምተኛ አለ። ሌሊቱን ልቡ ድው ድው ሲልበት አድሯል፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ደርሶ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሲነሣ ግን ምቱ ተስተካክሎ ይገኛል። «ደህና ነህ» ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ መጣ ሄድ የሚል የልብ ምት መዛባት ሐኪም ፊት እስኪደርስ አይጠብቅም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚያዝ የልብ ምት መመዝገቢያ ቅንጦት ነው የሚለውን አልቀበልም። መሣሪያው ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው። የሁለት እጅ ጣቶችን ብረቱ ላይ አሳርፎ 30 ሰከንድ ሳይናገሩና ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው፤ የምቱ መስመር ስልክ ላይ ተሥሎ ይቀመጣል። በቴሌግራም ለሐኪም መላክም ይቻላል። ሐኪሙ ያልነበረበትን ሌሊት ያየዋል ማለት ነው።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በሀብታሞቹ አገሮች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው መዛባት በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ነው። እኛ ዘንድ ግን በልጅነት ሳይታከም ያለፈ የቶንሲል ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት ሊያመጣ፣ እሱም የልብን ቫልቭ ሊያጠብ ይችላል። ቫልቩ ሲጠብ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ይዛባል፣ ደምም እዚያው ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ሲሄድ ገና ልጆቿን ያላሳደገች እናት አንድ ጎኗ ይያዛል። አሜሪካ ውስጥ የተካሄደው የፍራሚንግሃም ጥናት እንዳሳየው መዛባቱ ብቻውን የስትሮክን አደጋ 5 እጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ ከጠበበ ቫልቭ ጋር ሲሆን 17 እጥፍ ያደርሰዋል።

መሣሪያው የማይሠራውንም ልናገር። ቫልቭ አያሳይም፤ ያ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሥራ ነው። የልብ ደም ሥር ሲዘጋም አስተማማኝ ምልክት አይሰጥም፤ ደረቱን እየጨመቀው፣ ላብ እያጠመቀው ስልክ የሚያይ ሰው ጊዜ እያባከነ ነው፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

መዛባቱ ከተገኘ በኋላ ያለው መንገድ ነው የበለጠ የሚያሳስበኝ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ደም ማቅጠኛው አሁንም በዋናነት ዋርፋሪን ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት አዲሱ ሪቫሮክሳባን እንደማይተካው አሳይቷል። ዋርፋሪን ደግሞ ያለ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ምርመራ አይወሰድም፤ ውጤቱ በአብዛኛው በ2 እና በ3 መካከል መቆየት አለበት። ጎመን ሲበዛ የመድኃኒቱ ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ሁዳዴ ገብቶ ገበታው ሲለወጥ፣ ተፈስኮም ሲመለስ፣ ሕመምተኛው ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል። ጎመን ተው አይባልም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይዋዥቅ ነው የሚባለው።

እንግዲህ መሣሪያው መጀመሪያ መድረስ ያለበት ባለገንዘብ ቤት ሳይሆን በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እጅ ላይ ነው። አይኤንአር ደግሞ ከተማ ድረስ ሳይመጡ በየጤና ጣቢያው መለካት አለበት። የክልሉ ጤና ቢሮ ሁለቱን አብሮ ካላሰበ አንዱ ብቻውን አይጠቅምም።

ከውጭ አገር ለእናታችሁ የልብ ምት የሚመዘግብ የእጅ ሰዓት የምትልኩ ልጆች፣ መስመሩን የሚያነብላቸው ሐኪም አብራችሁ ፈልጉ። ቤታችሁ የክንድ ግፊት መለኪያ ካለ ደግሞ ብዙዎቹ ምቱ ሲዛባ የልብ ምልክት እንደሚያሳዩ እወቁ። ምልክቱ ደጋግሞ ከመጣ መሣሪያው ተበላሸ ብላችሁ አትለፉት፤ ሄዳችሁ ኢሲጂ ተነሡ።